ስድስተኛው አውድማ

በባሕር ዳር «ጎልፍ የሚችል ሰው ጥሩ» ቢባል መጀመሪያ የሚጠራው እኔ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ ምስጋናውን የማካፍለው ሰውም የለም። ሐይቁ ዳር በአንድ ሆቴል አትክልተኛ ሳለሁ፣ አንድ እንግዳ ሦስት የዛጉ የብረት ዱላዎችና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶ ሄደ። ከዱላዎቹ ጋር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። ቋንቋዋን አላውቀውም፤ ሥዕሎቿን ግን አንድ ክረምት ሙሉ አጠናሁ፤ እጅ እንዴት እንደሚይዝ፣ ትከሻ እንዴት እንደሚዞር፣ ዓይን የት እንደሚያርፍ። በጋ ሲገባ ኳሷን መትቼ ከሾላው ዛፍ በላይ አሳለፍኋት።

ሜዳውንም የሠራሁት እኔው ነኝ። ጣና ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቀስ እያለ ይሸሻል፤ ጥር ላይ ከደንገሉ ወዲህ ሰፊ ለምለም ሣር ትቶልን ይሄዳል። ነሐሴ ላይ ተመልሶ ይወስደዋል። በዚያ ሣር ላይ ስድስት ጉድጓድ ቆፈርሁ። በመጽሐፏ ሥዕል ላይ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣር እንደ ምንጣፍ የተላጨ ነው። የእኛን ሣር የሚያሳጥሩት ግን ላሞች ናቸው፤ ላም ደግሞ እንዲያ አድርጋ አትላጭም። ብዙ አሰብሁ። ከዚያ የአባቴ አውድማ ትዝ አለኝ። እህል የሚወቃበት መሬት ተደልድሎ በእበት ተለቅልቆ ሲደርቅ እንዴት እንደሚለሰልስ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። በየጉድጓዱ ዙሪያ አንድ አንድ አውድማ አበጀሁ። ኳስ በእሱ ላይ ስትንከባለል ድምፅ እንኳ የላትም። እንዲህ ያለ ሐሳብ በመጽሐፏ ውስጥ አልነበረም።

አውድማዎቹን የምትለቀልቀው አንዲት ጎረቤቴ ናት። አምስት ላሞች አሏት፤ ሌላ ግጦሽ የላትም። ላሞቿ ሣሩን ያሳጥሩልናል፣ እበቱን ይሰጡናል፣ እሷ ትለቀልቃለች፣ እኛ እንጫወታለን። እኛ የምለው የፔዳ ካምፓስ መምህራንን፣ ጀልባ ነጂዎችን፣ ተማሪዎችንና አንድ ጨርቅ ነጋዴ ወዳጄን ነው። ወዳጄ ከጁምዓ መልስ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። የብረት ዱላ የሌለው ከወይራ ጠርቦ ይመጣል። ገብቶ የሚከፍል የለም፤ ተባሮ የሚሄድም የለም።

አንድ በጋ ሜዳው ሊታጠር ነው የሚል ወሬ መጣ። ባዶ መሬት ነው ተብሎ ዳርቻው በድንጋይ ተሞልቶ መዝናኛ ሊሠራበት ነው አሉ። ለማዘጋጃ ቤቱ አቤት አልን። የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፤ አንድ ባለሙያ መጥቶ ያያል፤ እውነት የጨዋታ ሜዳ ነው ብሎ ከጻፈ ይቀራል፣ ባዶ መሬት ነው ካለ ይታጠራል።

ባለሙያው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። አዲስ አበባ በደንበኛው ሜዳ የተጫወተ ሰው ነው፤ ነጭ ጫማ አድርጎ ፋይል በብብቱ ይዟል። ሣሩን አየ፣ ላሞቹን አየ፣ ፈገግ አለ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ግጦሽ ነው።»

«ግጦሽም ነው» አልሁት።

«ሜዳ ማለት ችሎታ የሚለካበት ነው። እዚህ ላይ ኳስ በዕድል ነው የምትሄደው። ችሎታ ካልተለካበት ሜዳ ነው ብዬ መጻፍ አልችልም።»

ደሜ ፈላ። «ስማኝ» አልሁት። «ስድስቱን ጉድጓድ በሃያ አራት ምት እጨርሳለሁ። ካልጨረስሁ ባዶ መሬት ነው ብለህ ጻፍ!»

ነጋዴው ወዳጄ እጅጌዬን ያዘ። «አንተ ሰውዬ፣ ሜዳው የአንተ ብቻ ነው እንዴ? በማን መሬት ነው የምትወራረደው?»

«በሃያ ሦስት ጨርሼ አውቃለሁ።»

«አንድ ጊዜ! እሱንም ስታወራው ስድስት ዓመትህ!»

መረባቸውን የሚያሰጡ ዓሣ አጥማጆች ሰምተው ኖሮ አንዱ ጮኸ። «ጋሼ፣ ጉማሬ ያልበላውን ሜዳ ዛሬ አፍዎ በላው!» ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ቃሉ ከአፌ ወጥቷል። ዱላዬን ስጠርግ ጎረቤቴ ወደ እኔ ስትሮጥ መጣች። እጇ እስከ አንጓዋ አረንጓዴ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ስድስተኛውን...»

«ቆይ አንቺ! ልጫወት ስል ሰው አያናግረኝም።»

አፍራ ወደ ላሞቿ ተመለሰች።

አንደኛውን ጉድጓድ በአራት ምት ጨረስሁ፤ ሁለተኛውንም በአራት። በሦስተኛው አንዲት ጥቁር ላም መንገዱ ላይ ተኝታ አልነሣም አለች። ኳሷ ጎኗን መትታ ቆመች። በእኛ ደንብ ላም የመታ ኳስ ካረፈበት ይመታል፤ አምስት ሆነብኝ። አራተኛው ላይ ግን መጽሐፏ ራሷ ብታየኝ ትደነቅ ነበር፤ ኳሷ ከአውድማው ጫፍ ተነሥታ ስምንት እርምጃ ተንከባልላ ጥልቅ አለች። ሦስት። ባለሙያው ተንበርክኮ አውድማውን በመዳፉ ዳሰሰ።

«ይሄ በእበት ነው?»

«በእበት ነው።»

«ኳሷን ከኛ ሣር ይልቅ ቀጥ አድርጎ ይወስዳታል» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። አልጻፈውም። እኔ ግን ሰማሁት፤ ልቤም ትንሽ ሞቅ አለ።

አምስተኛው ላይ ኳሴ ጉማሬ ረግጦ የሄደበት ጉድባ ውስጥ ገባች። በእጅ ማውጣት የለም። ለማውጣት ብቻ ሁለት ምት ፈጀሁ፤ አምስት ሆነ። ወዳጄ ጣቶቹን ቆጥሮ «ሃያ አንድ» አለ። የቀረኝ ሦስት ምት ነው። አጥማጆቹም መረባቸውን ጥለው መጥተው ከኋላዬ ቆመዋል፤ አሁን የሚስቅ የለም።

ወደ ስድስተኛው ለመድረስ እምቦጭ የሞላውን ሰርጥ መሻገር ያስፈልጋል። እዚያ ውስጥ የወደቀች ኳስ ተገኝታ አታውቅም። በመጀመሪያው ምት ሰርጡን አሻገርኋት። በሁለተኛው ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ ርቃ አውድማው ላይ ቆመች። ወዳጄ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት፤ እየጸለየ ነበር። ሁለት እርምጃ ለእኔ ምንም አይደለም። አንድ ጊዜ በእሱ ፎጣ ዓይኔን ታስሬ ከዚያው ርቀት አስገብቻለሁ፤ ምስክር አለኝ። በመጽሐፏ ላይ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ የኳሷን መንገድ ሲያይ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ያ ሰውዬ ሜዳውን ስለማያውቅ ነው ቁጢጥ የሚለው እያልሁ ስስቅበት ኖሬአለሁ። እኔ ቁጢጥ አላልሁም። መታሁ።

ኳሷ ጥሩ ተነሣች። መሃል ላይ ስትደርስ ከበዳት፤ ከኋላዋ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ስታሰምር አየሁ። ከጉድጓዱ አፍ አንድ ጣት ሲቀራት ቆመች።

መጀመሪያ የተሰማው የጎረቤቴ ድምፅ ነበር።

«ወየው ጉዴ! ጎሕ ሲቀድ ነው የለቀለቅሁት። እንግዳ ይመጣል ሲሉ፣ አምሮ ይጠብቀው ብዬ። እሱን ልነግርዎት ነበር እኮ የመጣሁ!»

«እርጥብ ነው!» ወዳጄ ዘለለ። «ወላሂ እርጥብ ነው! ይሄ ምት አይቆጠርም!»

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ጣቱን አውድማው ላይ ጫነና አየው። «እውነት ነው» አለ። «አባቴ፣ ያጠፋው ሜዳው ነው ካሉ ምቱን ይድገሙት፤ እኔ አልቃወምም። ግን ሜዳው ተጫዋች ያሳስታል፣ ችሎታም አይለካም ብዬ መጻፌ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ካሉ ደግሞ የተናገሩትን ያውቃሉ።»

ቢደገም ኳሷን እንደማስገባት አልጠራጠርም። ሃያ አራቴ ይሞላል፣ ስሜ ይድናል፣ ጥፋቱ የእበቱና የለቀለቀችው ሴት ይሆናል። እምቢ ካልሁ ደግሞ በገዛ አፌ ሜዳው እንዲታጠር አደርጋለሁ። ወደ እሷ ዞርሁ። ዓይኔን ላለማየት እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። ካጠሩት በኋላ አምስቱን ላሞች ወዴት እንደምትነዳቸው የሚያውቅ አልነበረም።

«ሜዳው አላጠፋም» አልሁ። «ሜዳ አንድ ቀን እርጥብ ነው፣ አንድ ቀን ደረቅ ነው። ጎንበስ ብሎ ማየት የተጫዋቹ ሥራ ነው። ልትነግረኝ መጥታ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። የሳትሁትም እኔ ነኝ።»

ወዳጄ ሌላ ሰው የተናገረ መስሎት ዘወር ብሎ እንዳየ እስከ ዛሬ ያወራል።

ኳሷን ገፋሁና አስገባኋት። ሃያ አምስት።

ባለሙያው ፋይሉን ለወዳጄ ሰጠና «ዱላዎን ያውሱኝ» አለኝ። ኳሷን እኔ ከመታሁበት ቦታ አኖራት። ቁጢጥ ብሎ አየ፤ እርጥቡን አስቦ ጠንከር አድርጎ መታት። ጉድጓዱን አልፋ ከአውድማው ወረደች። መልሶ መታ፤ አሁን ደግሞ አጠረች። ነጭ ጫማው ጫፉ ድረስ አረንጓዴ ሆነ። በሦስተኛው ገባችለት፤ ግንባሩን ጠረገ።

«ችሎታ ካልተለካበት ሜዳ አይደለም ብዬ ነበር» አለ። «ይኸው እኔን ለካኝ።»

«ውርርዱስ?» አልሁት። ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም።

«እኔ መቼ ተወራረድኩ? ብቻዎን ነው የተወራረዱት።»

አጥማጆቹ ያን ጊዜ ሳቁ። እሱ ቆሞ ጻፈ፤ ወዳጄ አንገቱን አስግጎ እያነበበ «እበት ብሎ ጽፏል! እበቱን አስገብቶታል!» እያለ ይነግረናል። ጎረቤቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በዚያ ዓመት አጥር አልመጣም። ነሐሴ ላይ ሐይቁ እንደ ልማዱ መጥቶ ስድስቱን አውድማ ወሰደ፤ ጥር ላይ መለሰልን፤ እኛም እንደገና ሠራናቸው። ዛሬም በዚህ ከተማ የሚስተካከለኝ የለም። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ግን ቁጢጥ እላለሁ፣ ጣቴን መሬቱ ላይ እጭናለሁ፣ ከዚያም ላሞቿ መሃል ወደ ተቀመጠችው ሴት «ደርቋል?» ብዬ እጣራለሁ። ትሰማኛለች። ቶሎ ግን አትመልስልኝም፤ ደስ እስኪላት ድረስ ታስቆየኛለች።