ሶፋ ሠሪው ከወንበር ሥር የጠየቀው ጥያቄ

ሶፋ ሠሪውን ሰፈሩ ሁሉ «ድንገቴ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት። ልጅ መውለድማ አብቅቷል ብላ፣ የመጨረሻ ልጇ እንኳ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ በያዘችበት ዓመት፣ ሆዴን አመመኝ ብላ ሐኪም ቤት ሄደች። ስትመለስ አባትየው ደጃፍ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር።

«ምን አሉሽ?» አላት።

«ወንድ ይሁን ሴት ገና አይታወቅም አሉኝ» አለችው።

አባትየው ከዱካው ላይ ወደቀ። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ «ወርጄ ነው እንጂ አልወደቅሁም» እንዳለ ኖረ።

ይህን ታሪክ ከማንም በላይ አሳምሮ የሚያወራው ራሱ ድንገቴ ነበር። ስፖንጅ እየቆረጠ፣ ጨርቅ እየወጠረ፣ አንዳንዴም ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ያወራል። ደንበኛው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ከጎኑ በስፌት መኪና የሶፋ ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ ቀና እንኳ ሳትል «ዛሬ ደግሞ አባትህ ስንቴ ወደቁ?» ትለዋለች።

ሳቁ የውሸት አልነበረም። ግን ሰውዬው በራሱ ቤት እንኳ እንግዳ ነገር ነበር። ፎቶ ሲነሡ ዳር ይቆማል። ግብዣ ላይ «እኔ ቆሜ እበላለሁ» ይላል። እሑድ እሑድ ሚስቱን ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ የሚቀመጠው ግን በሩ ጋ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው።

«እዚህ ምን አስቀመጠህ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ሰው ሲመጣ ለመልቀቅ ይመቸኛል።»

«ለማን ነው የምትለቀው?»

«ለተጠራ ሰው» ይላታል እየሳቀ። እሷ ግን እዚህ ላይ አትስቅም።

አንድ ክረምት የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበሮች ልብሳቸው አልቆ ስፖንጃቸው መውጣት ጀመረና ሥራው ለድንገቴ ተሰጠው። በሥራ ቀን ከሰዓት መዶሻውን፣ ጉጠቱንና አዲሱን የወንበር ልብስ ይዞ ገባ። ከፊት በኩል የእናቶች ትምህርት ተጀምሯል። የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ከሥራው አልተላቀቀም፤ ሲጸልዩ እንኳ «በርቺ፣ ግፊ!» የሚሉ ይመስላል።

ድንገቴ እንዳይረብሽ ብሎ ከኋላ አንዱ ወንበር ሥር በጀርባው ተንጋለለና አሮጌ ሚስማር መንቀል ያዘ። ላለመስማት ግን አልቻለም።

«አዳም ሲበድል ጊዜ» ይላሉ አዋላጇ፣ «እግዚአብሔር ‹ጉድ ፈላ! አሁን ምን ይዋጠኝ!› ያለ እንዳይመስላችሁ። ዓለም ሳይፈጠር፣ እኛ ሳንኖር፣ እንዴት እንደሚያድነን አስቦ ጨርሷል። ክርስቶስ የመጣው፣ መስቀል ላይ የሞተው፣ የተነሣውም ነገር ስለተበላሸበት በጥድፊያ አይደለም። ከመጀመሪያውም ስለወደደን ነው።»

«እማማ፣ ሁሉንም ሰው ነው ያሰበው?» የሚል ድምፅ ከወለሉ መጣ።

እናቶቹ ደነገጡ። አንዷ እግሯን ወደ ላይ ሰቀለች።

«ማነው እሱ?» አሉ አዋላጇ።

«እኔ ነኝ፤ ሶፋ ሠሪው።»

«ውጣና እንደ ሰው ጠይቅ!»

ድንገቴ እየተሳበ ወጣ። ፀጉሩ በስፖንጅ ፍርፋሪ ተሞልቷል። ሴቶቹ ገና ሲያዩት ሳቅ ጀመሩ፤ እሱም እንደ ልማዱ ሊያስቃቸው ፈልጎ «እናቱ እንኳ ያላሰበችውንስ?» አለ። ሁሉም ታሪኩን ያውቁታልና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ችግሩ የራሱ ድምፅ ነው። «እናቱ» ሲል አልተነካም፤ «ያላሰበችውን» ሲል ግን ተሰበረበት።

አዋላጇ ብቻ አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ከተቀበልኳቸው ልጆች ብዙዎቹ ሳይታሰቡ የመጡ ናቸው። እናት ትደነግጣለች፣ አባት ይጠፋል፣ አያት ትቆጣለች። እግዚአብሔር ግን ‹ይሄ ደግሞ የማን ነው?› ሲል አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። እናትህን አስደንግጠህ ይሆናል። እሱን ልታስደነግጠው አትችልም።»

«እኔ እኮ ለሱ ያደረግሁት ነገር የለም።»

«ማን አደረገና? እኔስ ምን አደረግሁ? ሥራችን ቢያድነን ኖሮ ስሙን ደሞዝ እንለው ነበር። አስቦልሃል፣ ሞቶልሃል። ካንተ የሚፈለገው እሺ ማለት ነው።»

ድንገቴ «እሺ» ብሎ ወንበሩ ሥር ተመለሰ። ለየትኛው «እሺ» እንዳለ ገና ራሱም አላወቀም። መዶሻው ግን ለረጅም ጊዜ ድምፁ ጠፋ።

«ተኛ እንዴ?» ብላ አንዷ አንሾካሾከች።

«ተዪው» አሉ አዋላጇ።

አልተኛም። በአዲሱ የወንበር ልብስ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

ከዚያ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ታላቅ እህቱ ቤት ሄደ። እሱ ሲወለድ ሥራ ይዛ የነበረችው ያቺው እህቱ ናት፤ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። «እትዬ» ነው የሚላት። ግቢዋ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አገኛት።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እማዬ አልፈለገችኝም ነበር?»

እህቱ የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣለችው። «ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ሁልጊዜ የምንስቅበት ነገር ነዋ።»

«የሰፈሩን ሰው አታውቀውም አንተ!» አለች። «‹በዚህ ዕድሜዋ!› እያለ አፉን ሲያሾል፣ ሳይስቅባት ቀድማ ሳቀችበት። ስሙንም ያወጣችው ለሱ ነው፤ አፍ ለማስያዝ። ባንተማ ቀልድ አታውቅም ነበር! ከሥራ ደክሞኝ መጥቼ ልቀፍህ ስል ‹እጅሽን ታጠቢ› ትለኛለች። ታጥቤ ስመጣ ‹እንደገና ታጠቢ›። አንተን አቅፎ የጠገበ ሰው እኔ አላየሁም፤ እሷም ራሷ አልጠገበችም።»

ድንገቴ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ አለቀሰ። እህቱም የልብስ መቆንጠጫውን በእጇ እንደያዘች አብራው አለቀሰች። ከዚያ አዋላጇ ያሉትን ነገራት።

«እንግዲህ አንተ ግባበት» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «እኔ አልፎብኛል።» ይህን ብላ ወደ ልብሷ ዞረች።

ያን ዕለት ማታ ከእራት በፊት ሶፋ ሠሪው ከሚስቱ ጋር ተንበረከከ። ጸሎት አያውቅበትም። «ጌታ ሆይ፣ አስበኸኛል አሉኝ። እንግዲህ እሺ» አለ፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልመጣለትም። ሚስቱ «አሜን» አለች።

የጥምቀት ትምህርቱን እዚያው አዋላጇ ዘንድ፣ ከእናቶቹ ጋር ተማረ። ብቸኛው ወንድ እሱ ስለነበር ወንበር ያሸክሙታል፣ ይቀልዱበታል፣ ሲቀር ግን ቤቱ ድረስ መጥተው ይጠይቁታል። የመጠመቂያው እሑድ ደረሰ። ድንገቴ ግዙፍ ነው፤ ሰባኪው ደግሞ ንፋስ የሚወስዳቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ገንዳው ውስጥ «ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ተኛ» አሉት። ቀስ ማለቱን ረሳው። እንዳለ ሲለቀቅባቸው ሰባኪውም አብረው ሰጠሙ።

ሁለቱም ውኃ እየተፉ ብቅ ሲሉ ሰባኪው «እኔ እንኳ ተጠምቄ ነበር» አሉ። ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተሞላ። አዋላጇ ከፊት ረድፍ ፎጣ ይዘው ተነሡና፣ የስንት ዓመት ልማድ አይለቅም፣ «ጤነኛ ነው!» ብለው ጮኹ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ እሱ ቤት ነበር። እህቱም መጥታለች፤ ጥምቀቱን በሩ ጋ ቆማ አይታ ነው የመጣችው። እንግዶቹ ሲሄዱ እሷ ሳህን ታጥባለች፣ እሱ ያደርቃል።

«አንተ» አለችው ድንገት፣ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሣ። «ያ አዋላጇ ያሉት ነገር… እኔንም ይጨምራል?»

ድንገቴ የያዘውን ሳህን አስቀመጠ። ከዚያ «ይጨምራል እንጂ፣ እትዬ» አላት።

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ያሰበሽ እኮ ከዕድሜሽ በፊት ነው።»

እህቱ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠበችው።

«እሑድ በስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?»

«በማለዳ።»

«በማለዳ! ረፈድ ቢል አይሆንላችሁም?»

«እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«እንዳታረፍድብኝ ታዲያ» አለችው።