ሰይፍ ያለበት መስቀል

የቀዘቀዘ ብረት ደረቴን ሲነካኝ እስከ ዛሬ ክው እላለሁ። ዛሬ ጠዋት የቢሮ ቁልፌን አንገቴ ላይ ሳጠልቅ ሸሚዜ ውስጥ ገባና፣ ቤልትላይን የሚባለው ሰፈር መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ያየኝ ሰው አብዳለች ሳይል አይቀርም።

እናቴን ብታውቋት! ልጅ ሳለሁ አቢዴል የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጃፉ ላይ የሚሸጥበት የቅዳሜ ጋራዥ ሴል አያመልጣትም ነበር። አንድ ቀን ከሹካና ከማንኪያ ክምር ውስጥ ትንሽ የብር መስቀል አገኘች። «መስቀል ከሹካ ጋር ይጣላል?» ብላ ተቆጣችና ከአንድ ድስት ጋር ይዛው መጣች። በሳሙና አጠበችው፣ ጠበል ረጨችው፣ በጥቁር ክር አድርጋ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። የዚያ ዓመት በረዶ እስኪመጣ ድረስ ማተቤ እሱ ነበር።

ከፊት ለፊታችን አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ኒሻን ይሰበስባሉ፤ ያውም የሁሉንም አገር አይደለም፣ ድሮ በአንድ መስፍን ትተዳደር የነበረች፣ ካርታ ላይ በጣት የምትሸፈን የጀርመን ግዛት ኒሻን ብቻ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈልገው ያጡት አንድ ነበር፤ ጦር ሜዳ ለዋለ ሰው የሚሰጥ መስቀል። አያታቸው ተሸልመውት በስደት ጠፍቷል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የአጥራችንን በር ስዘጋ ማተቤ ከሹራቤ ወጣ። ሽማግሌው ዓይናቸው እሱ ላይ ቀረ። «ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ማጉያ መነጽራቸውን አምጥተው አገላብጠው አዩትና፣ «ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኩት እሱ ነው» አሉ። በመስቀሉ ክንዶች መካከል ሁለት ሰይፎች ተጠላልፈው ነበር። እኛ ጨረር መስሎን!

ልቤ እየዘለለ ቤት ገባሁ። «ማሚ፣ ኦሪጂናል ነው እኮ! በጣም ሬር ነው፣ አይገኝም! የወታደር ኒሻን ነው፣ ጨረሩም ሰይፍ ነው!»

«ሰይፍ ነው ልጄ አንገት ላይ ያሰርኩት?» ብላ ደነገጠች። ትንሽ አሰብ አድርጋ ግን፣ «ጊዮርጊስስ ጦር ይዞ የለም እንዴ» ብላ ራሷን አጽናናች።

ሽማግሌው ተከትለውኝ መጥተው በራችን ላይ ቆመዋል። የፈለግሽውን ዋጋ ጥሪ አሏት። እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው፤ እሷ ግን ኮስተር አለች። «ንገሪያቸው፣ ማተብ አይሸጥም።» ስተረጉምላቸው ፊታቸው ጥቁር አለ። እናቴ ቀጠለች፦ «መስታወት ውስጥም አይቀመጥም በያቸው። አንገታቸው ላይ የሚያስሩት ከሆነ ግን፣ በነጻ የእሳቸው ነው።»

ጉድ እኮ ነው! ኒሻናቸውን ሰው ያለ ጓንት ሲነካባቸው የሚቆጡ፣ ጥብጣቡ እንኳ ሲዛነፍ እንቅልፍ የሚያጡ ሰው፣ ዝቅ ብለው አንገታቸውን ሰጧት። እናቴ ጥቁሩን ክር እያጠበቀች፣ «እሰይ አባቴ፣ የአያትዎን አገኙ» አለቻቸው። መተርጎም አላስፈለገኝም። እሳቸው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ እኔም እንባዬ መጣ፤ የደስታ ነው።

ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር ኮሌታቸውን ከፈት አድርገው መስቀሉን ያሳዩኝ ነበር። በዓመቱ ሴት ልጃቸው ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሌላ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ፌርማታው ላይ ቆመው ለዩኝና የካፖርታቸውን ቁልፍ ከላይ ጀምረው መፍታት ያዙ። ብርዱ ከባድ ነበር፣ ጣታቸው እምቢ አላቸው። ሳይጨርሱ አውቶቡሱ ተነሳ።