የተጠረጠረው መለኪያ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ቃሊቲ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ፣ ቦይለር ክፍል ውስጥ ነው። ሥራውን ከመመሪያ መጽሐፍና ከተቃጠለ እጄ ተማርኩት። አንድ ሕግ ነበረኝ፤ የእንፋሎት ግፊት መለኪያ ሲያጠራጥረኝ ፈትቼ፣ ግፊቱ ልክ መሆኑን በማውቀው ሌላ ቦይለር ላይ እሞክረዋለሁ። ልጆቼንም ሳታረጋግጡ አትመኑ እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው።

የከተማው ባቡር ሐዲድ በሚነጠፍበት ጊዜ፣ ነርስ የሆነችው ትልቋ ልጄ አንድ እሑድ የደም ግፊት መለኪያ ይዛ መጣችና ክንዴ ላይ አሰረችው። ደግማ ለካች። ከዚያ ግፊትህ ከልክ በላይ ነው አለችኝ። ታምሜ ተኝቼ አላውቅም፤ መጠጥም አልቀምስም። ደም ግፊት የወፍራምና የንዴተኛ ሰው በሽታ ነው ብዬ አምን ነበር። መሣሪያሽ ተበላሽቷል አልኳት፤ ላረጋግጥላትም ተነሣሁ።

ለሙከራ የመረጥኩት የፈረቃ ጓደኛዬን ነው። ቀጭን ነው፤ ጾም አያጓድልም፤ ከሳሪስ አቦ ፋብሪካው ድረስ በእግሩ ይመላለሳል። ከሁላችን ጤነኛው እሱ ነበር። በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ ልጄ ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት።

"እንደ ደህና ቦይለር ልትሞክርብኝ ነው?" እያለ መንገዱን ሙሉ ሣቀብኝ።

በዚያው መለኪያ ስትለካው የእሱ ከእኔም በለጠ። ተበላሽቷል አላልኩሽም ብዬ ሣቅሁ። ልጄ አልሣቀችም። አሳረፈችንና ከሌላ ክፍል ሌላ መለኪያ አመጣች። ያው ሆነ።

"ምንም አላመመኝም እኮ፣ ልጄ" አላት ጓደኛዬ።

"ጋሼ፣ ቦይለሩስ ከመፈንዳቱ በፊት ያመዋል እንዴ?"

ለጥርስ፣ ለቁስል ብለው ከሚመጡት አዋቂዎች ብዙዎቹን እንዲህ እንደምታገኛቸው፣ አብዛኞቹም ሳያውቁት እንደሚኖሩ ነገረችን። ሥራ ላይ ድንገት ወድቆ የቀረ አንድ ባልደረባችን ትዝ አለኝ። ምች መታው ብለን ነበር የቀበርነው። እንጃ። ሰው የገዛ አካሉን በመልኩ ብቻ ሲያምን መኖሩ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

ሐኪሙ ለሁለታችንም ክኒን አዘዘልን። ጓደኛዬ ግን ሳያመኝ አልውጥም ብሎ ኪሱ ከተተው። እኔም ገና አልዋጥኩም ነበር።

በነጋታው ጓደኛዬ ቦይለሩ ፊት ቆሞ የመለኪያውን መርፌ እያየ፣ ይሄ እንደ እኛ ከልክ በላይ ቢያሳይ ምን ታደርግ ነበር አለኝ።

"እሳቱን አጠፋለሁ።"

ክኒኑን ከኪሱ አወጣ። በጣሳ ውሃ ሰጠሁት። እሱ ጠጥቶ ባስተረፈው እኔም የራሴን ክኒን ዋጥኩ።