የእናቴ ምስክርነት

እናቴ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆማ «ልጄ ማየት ጀምራለች» ያለችው ለክልሉ የዓይነ ስውራን የሳይክል ውድድር አንድ ሳምንት ሲቀረን ነው። እኔ ግን የማየው ነገር አልነበረም። በልጅነቴ ኩፍኝ ዓይኔን ከወሰደው ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አልፌ አላውቅም።

ነገሩን ያመጣው ሳይክሉ ነው። ሁለት ኮርቻ አለው፤ ፊት የምታይ ሴት መሪውን ይዛ ትነዳለች፣ ከኋላዋ የማታይ ሴት ትቀመጣለች። ፔዳሎቹ በሰንሰለት ስለተያያዙ አንዷ ብትለግም ሌላዋ ወዲያው ታውቅባታለች። የኔ ነጂ የጫት ነጋዴ ልጅ ነበረች፣ አፏ የማያርፍ። «ቀኝ! ጉድጓድ! አቦ ዘንበል በይ እንጂ፣ እንደ ጆንያ ተጎለትሽብኝ!» ትለኛለች። ወደ ሂርና የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ ሞተሩ እኔ ነኝ፤ ወደ ሚኤሶ ስንወርድ ደግሞ ነፍሴ በእሷ እጅ ናት። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ጥሩምባ እያስጮሁ ሲያልፉን እሷ በአላህ ትጀምራለች፣ እኔ በኢየሱስ እጨርሳለሁ። ማንም እጄን ሳይዘኝ የምፈጥንበት ቦታ በዓለም ላይ ያ ኮርቻ ብቻ ነበር።

እናቴ ስንጋልብ አይታን አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ግን ከገበያ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ተገጣጠምን። ኩርባው ጋ ስንደርስ ነጂዬ «ግራ» አለችኝ፤ ሁለታችንም ባንዴ ዘንበል ብለን ታጠፍን። እናቴ ከሩቅ ምንም አልሰማችም። ያየችው እኔን ብቻ ነው፣ መንገዱን አይታ እንደምትታጠፍ ሰው ስታጠፍ። ስንት ዓመት ጾማ የጸለየችበት ጉዳይ ስለሆነ እኔን እንኳ አልጠየቀችኝም። በማግስቱ እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ማንንም ሳታማክር ተነሳች።

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ሴቶቹ እየመጡ አቀፉኝ፤ አንዷ «እስቲ ቀሚሴ ምን ዓይነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ቀድማኝ «ገና በጥቂት በጥቂቱ ነው» አለቻት።

ጭሮ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ሰኞ ልምምድ ቦታ ስደርስ አሰልጣኛችን ተክዞ ጠበቀኝ። የሌላ ወረዳ ሰዎች «የምታይ ልጅ ልታሰልፉ ነው» ብለው ከስሰውናል። የዓይን ሐኪም ያለው ሩቅ ከተማ ነው፣ ቀኑም አይበቃም። ስለዚህ የዞኑ ስፖርት ኃላፊ እናቴን አስጠራት።

በመንገድ ላይ ለመንኳት። «እማዬ፣ አታይም በያቸው።»

«እግዚአብሔርን ውሸታም ላድርገው?» አለችኝ።

«እኔንስ ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

እጄን ሳብ አድርጋ፣ ነጠላ ጫማዋ ጧ ጧ እያለ፣ ወደ ቢሮው ወሰደችኝ።

ኃላፊው በአክብሮት ነበር ያናገራት። «እናት፣ እርስዎ ያሉት ይጸናል። ልጅዎ ታያለች?»

ተከትላን የመጣችው ነጂዬ ከበሩ አጠገብ «ወላሂ አታይም! እኔ አይደለሁ እንዴ የምነዳት!» ብላ ጮኸች። ዝም በይ ተባለች። እናቴ እጄን ወደ ራሷ ሳበችው። ያኔ «አታይም» ትላለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

«ታያለች» አለች እናቴ፤ «ጌታ ይመስገን።»

«ኧረ አላይም!» አልኩ።

«ወላጅሽ ትዋሻለች እያልሽ ነው?» አለኝ ኃላፊው።

በባዕድ ሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ጾሟ ላይ፣ አዎ ትዋሻለች ማለት አቃተኝ። በኔ ኮርቻ ከመቻራ የመጣች ልጅ እንድትቀመጥ ተወሰነ። ነጂዬ እያለቀሰች ወጣች። እናቴን በዚያች ሰዓት ጠላኋት፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ተነስተን ከቢሮው ስንወጣ እናቴ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«እዚህ ጋ ደረጃ አለ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ» አለችኝ።

እንዳለችኝ ቀስ ብዬ ወረድኩ።