በዳይፐር የጨፈርሁበት ሰርግ

ዛሬ ሉማሜ ላይ በልጅ ልጄ ሰርግ ጨፈርሁ! አምና ከወንድሟ ሰርግ ሽንቴ ያመልጠኛል ብዬ ቀርቼ ነበር።

ጠዋት የምጦርበት ቤት ነርስ ዳይፐር ይዛ መጣች። «የሕፃን ነው፤ አልለብስም!» አልኋት።

«እንግዲያው ይቅሩ፣ አባባ። ሙሽራዋ ብታለቅስ በእርስዎ ነው።»

እየተነጫነጭሁ ለበስሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር።

በጭፈራው መሐል አመለጠኝ። ማንም አላወቀ፤ እኔም አላቆምሁ።

አብሮ አደጌ ደምሴ ግን አሥሬ እየተነሳ ከዳሱ ይወጣል። «አንተ እንዴት ቻልኸው?» አለኝ። በጆሮው ነገርሁት።

ይስቅብኛል ስል፣ «ትርፍ ይዘሃል?» አይለኝም!

ሰጠሁት። ለብሶ ሲመለስ ሙሽራውን እስኪያስንቅ ጨፈረ።

እናንተስ፣ በዚህ ነገር አፍራችሁ ከሰርግ የቀራችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ፤ እኔ እንደሁ ተናግሬዋለሁ።