እስከ እሑድ ያስጎበኙኝ

እናቴ መሞቷን የሰማሁት ፒተርስበርግ ውስጥ፣ ድሮ የነገሥታት መኖሪያ በነበረ ሙዚየም፣ ግድግዳው በወርቅ በተለበጠ አዳራሽ ቆሜ ነው። የነገሩኝ አገር ቤት፣ ኤረር በር አጠገብ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ እናት «አዴ» ነው የምላቸው። የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ቀናት ስላለፉ ጨነቀኝና ደወልኩላቸው።

«ወንድሜ ጉሮሮዋን አሟታል ይላል። እርስዎ አይተዋታል አዴ?»

መልሰው የኔን ጤና ጠየቁኝ።

«ደህና ናት ወላሂ ይበሉኝ።»

«ሱብሃነላህ! በአላህ ስም እንዴት ልዋሽ? ልጄ፣ እስካሁን አልነገሩሽም? ሰኞ አረፈች፣ ማክሰኞ ቀበርናት እኮ!»

ያን ቀን ዓርብ ነበር። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «የንስሐ አባቷ ደረሱላት?» የሚል ነበር። እናቴ ከእህቷ ጋር ተኳርፋ፣ ቂም ይዤ አልናዘዝም ብላ፣ ዓመት ሙሉ ከቁርባን ርቃ ነበር። ለፋሲካ እንታረቃለን ብላኝ ነበር።

«እኔ የመጣሁት ለቅሶ ስሰማ ነው» አሉኝ አዴ። «ቄሱ ቀድመው ገብተው እንደሆን አላየሁም። ወላሂ አላየሁም።»

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ በጠዋት ቤት ድረስ ይመጣል። ወንድሜ እዚህ ላሉት ያገሬ ልጆች ደውሎ «ብቻዋን ናት፣ እሑድ ጠዋት ሰብሰብ ብላችሁ አርዷት፤ እስከዚያ አትለይዋት» ብሏቸው ኖሯል። እነሱም አስጎበኙኝ። አራት ዓመት ስኖር ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሄጄ የማላውቀውን እኔን፣ ረቡዕ በከተማዋ የውኃ ቦዮች በጀልባ አዞሩኝ፤ ከየድልድዩ ሥር ስናልፍ አንገታችንን ደፋ እናደርጋለን። ሐሙስ ሌላ ሙዚየም። ራቁታቸውን የቆሙ ሐውልቶች ፊት ስንደርስ አቀረቀርኩ። ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠው ሴት ጎሸም አደረገችኝ።

«ቀና በይ እንጂ አንቺ፣ ድንጋይ ነው! ለድንጋይም ንስሐ ትገቢ ይሆን?»

ሳቅሁ። እናቴ ከተቀበረች ሁለት ቀኗ ነበር፤ እኔ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ እናቴ ስልክ እልክ ነበር። «አየሁት ልጄ፣ እግዜር ይጠብቅሽ» የሚል ጽሑፍ ይመለስልኛል። እናቴ ድምፅ እንጂ ጽሑፍ ልካ አታውቅም። ጉሮሮዋን ስላመማት አስጽፋ ነው ብዬ ተቀበልኩት። የሚጽፈው ወንድሜ ነበር።

ዓርብ ስልኩን ስዘጋ መሬት ቁጭ አልኩ። ጥበቃዋ፣ ሽበታም ሩሲያዊት፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው እያለች መጣችብኝ። ዋይ ብዬ እንዳላለቅስ የሰው አገር፣ የሰው ቤተ መንግሥት። የአንገት ልብሴን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ያቺ ታላቃችን ሮጣ ደረሰች። መጀመሪያ ያለችኝ «ማን ነገረሽ?» ነው። አልተቀየምኳትም። እኔም በሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር፤ ከዚህ በፊትም በሌላ ሰው ላይ አድርጌዋለሁ።

ወንድሜን ስጠይቀው «አባ ደርሰውላታል፣ ተናዛለች፣ መስቀል ተሳልማ ነው ያረፈችው» አለኝ። አክስቴም፣ ያቺ የተኳረፈቻት፣ ቃል በቃል ያንኑ አለችኝ። ቃላቸው አንድ መሆኑ አስፈራኝ። ለኔ ብለው ከሰኞ እስከ ዓርብ የዋሹኝ ሰዎች፣ ለኔ ብለው ይህንንም እንደማይዋሹኝ በምን አውቃለሁ? አባ ደግሞ ገዳም ገብተዋል፤ ስልክ አይዙም። ስጸልይ «ተናዛ ነው የሞተችው» ብዬ እጀምርና አቋርጣለሁ።

ሰኞ ከሰዓት እናቴ ክፍል ውስጥ የነበራችሁ፣ እጇን የያዛችሁ፣ ውሃ ያቀበላችሁ፣ እባካችሁ አንዳችሁ እውነቱን ንገሩኝ። አባ ካልደረሱ አልደረሱም በሉኝ። ለሷ የምጾመውንና የምሰግደውን እንዳውቅ ነው እንጂ ማንንም ልወቅስ አይደለም። ሰብሰብ ብላችሁ አትምጡ፣ ጠዋት እስኪሆንም አትጠብቁ። በስልክ ንገሩኝ።