ሳሩን አክብረን ነበር

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከልጄ ጋር ፊልም እያየን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታም የሚበርሩ ጀግኖች ፊልም አይቀራትም። ጀግናው ክፉውን ሰው ድልድይ ጫፍ ድረስ አሳደደው፤ ሰውየው ተንሸራቶ ተንጠለጠለ። ያ ሕንፃ የሚያነሳ ክንድ አንድ ጣት አልዘረጋለትም። "እኔ አልገድልህም" ብሎት ካባውን እያውለበለበ ዞረ። ሰውየው ወደቀ፣ ልጄ አጨበጨበች።

ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረግኩት። "ይሄ ነው ጀግና? ገዳይ እንጂ!"

"አባዬ ደግሞ! አልነካውም እኮ። የራሱ ጥፋት ነው።"

አልነካውም! ይህችን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንድ ሰው የሌላውን ነፍስ ለማትረፍ ሌላ መንገድ አጥቶ ቢገድል እንኳ ገደልኩ ይበልና ይጠየቅ፤ እሱን ቁጭ ብለን እንከራከርበታለን። ማዳን እየቻሉ እጅ አጣጥፎ ቆሞ "ንጹህ ነኝ" ማለት ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

ለምን እንዲህ እንደምንጨረጨር ልጄ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ነገርኳት።

ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ አለን። እሷ ገና ሳትወለድ፣ አንድ በልግ ሙዛችን በየሳምንቱ እየተቆረጠ ይጠፋብን ጀመር። አንድ ማለዳ ሌባውን ከነሸክሙ ደረስንበት። ከጎረቤቶቼ ጋር ዱላ ይዘን አሳደድነው፤ እኔ ልናስርበት የጋሪ ገመድም ይዣለሁ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ሰውየው ዘሎ ገባና ከዳሩ ብዙም ሳይርቅ አንድ ጉቶ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እኛ ደግሞ ሲወጣ ልንቀጠቅጠው ዳር ላይ ቆምን።

በዚህ መሃል አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ እርጥብ ሳር ነጭተው መጡና ከፊታችን ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ነገሩ አለቀ፤ አልፎ የሚሄድ የለም። ዱላችንን ጣልን። ደግሞ ኩራታችን! "ሳሩን አክብረናል አባባ፣ ትተነዋል" አልን።

ሽማግሌው ከጉልበታቸው ሳይነሱ ጮኹብን። "ተዉት መች አልኩ? አውጡት እንጂ!"

እርስ በርስ ተያየን። አንዱ "እኛ አልነካነው" አለ። ሌላው "ራሱ ነው የገባው" አለ። እኔ ራሴ "ሌባ ነው እኮ አባባ" አልኩ፤ ዛሬም አፍርበታለሁ። ይህን ስንባባል ጉቶው ተነቀለ። ሰውየው አንዴ እጁን አነሳ፣ ከዚያ በኋላ አላየነውም። ሽማግሌው ሳሩን ውሃው ላይ ጥለው ሄዱ፤ እስኪሞቱ ድረስም ሰላምታዬን አልተቀበሉኝም። የሰፈሩ ሰው ግን ዱላ በመጣላችን አመሰገነን። ወይ ምስጋና!

 ልጄ ልታጽናናኝ ፈለገች መሰለኝ፣ "ምን ማድረግ ትችሉ ነበር አባዬ? በዚያ ጎርፍ ማን ይገባል?" አለችኝ።

"መግባት አያስፈልግም ነበር" አልኳት። "የጣልኩት ዱላውን ነው። ገመዱ እጄ ላይ ነበር።"